ለአሮጌ ሞተር ዕቃ ለምትመርጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት አሜሪካ ጋራዥ ውስጥ ስሞል ብሎክ የሚባለውን የሼቭሮሌን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1955 በ265 ኪዩቢክ ኢንች የሲሊንደር ይዘት ወጣ፤ ኋላ 327፣ ቀጥሎም 350 እያለ አደገ። አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው የቫልቭ አሠራር ግን ብዙም አልተለወጠም። ካምሻፍቱ (ጉብታዎች ያሉት ተሽከርካሪ ዘንግ) ታፔቱን (ጉብታው ላይ የሚያርፈውን አጭር ብረት)፣ ታፔቱ ፑሽሮዱን (ቀጭኑን ዘንግ)፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን (እንደ ሚዛን የሚወዛወዘውን ክንድ) ይገፋል፤ ሮከሩ ቫልቩን ተጭኖ ይከፍተዋል። የሚዘጋው ሞላው ነው።

አንድ ወጣት ሞተር ሊያሠራ ሲመጣ «የትኛው ካምሻፍት ነው ጉልበት የሚሰጠኝ?» ይለኛል። እኔም «ሞላው ስንት ፓውንድ ይገፋል? ዘይቱስ ምን ዓይነት ነው?» እለዋለሁ። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሞላው ከደከመ ቫልቩ ካምሻፍቱን መከተል ያቅተዋል፤ መቀመጫው ላይ ይነጥራል፣ ሲብስም ከፒስተን ጋር ይጋጫል። ከልክ በላይ ከጠነከረ ደግሞ ታፔትና ካምሻፍት እርስ በርስ ይበላላሉ። ስለዚህ የካምሻፍቱ አምራች የሚያዘውን ሞላ ግዙ፤ አዲስ ነው ብላችሁም ሳትለኩ አትግጠሙት። ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እንኳ ሞላው ጨርሶ እስኪታመቅ ድረስ 0.060 ኢንች ያህል ሊቀረው ይገባል።

ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ነው። አንድ ደንበኛ ከአባቱ የወረሰውን መኪና 350 ሞተር አምጥቶልኝ ነበር። አዲስ ካምሻፍት፣ አዲስ ታፔት፣ ድርብ ሞላ (አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ) ገጠምኩለት፤ ዘይቱን ግን ከመደርደሪያ ያገኘሁትን የአዲስ መኪና ዘይት ጨመርኩ። አስነሥቼ ካርቡራተሩን ሳስተካክል ሞተሩን በሚኒሞ (በዝቅተኛው ዙር) ረጅም ጊዜ አቆየሁት። ቀኑ ሳይመሽ ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ መጣ። ታፔቱን አውጥቼ መዳፌ ላይ ስገለብጠው ታቹ እንደ ሲኒ ማስቀመጫ ጎድጉዷል፤ የካምሻፍቱ ጉብታ ተልጦ ክብ ሆኗል። ዘይቱን ወደ ብርሃን ሳዘነብለው የብር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ያ ዱቄት ኩሽኔታዎቹን ሁሉ ነክቷቸው ስለነበር ሞተሩን እንደገና መዘርገፍ ግድ ሆነ። ወጪውን እኔ ቻልኩት፤ የዚያን ሰው ዝምታ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ጠፍጣፋ የሚባለው ታፔት ታቹ በእውነት ጠፍጣፋ አይደለም። በጥቂቱ ጎበጥ ተደርጎ ይሞረዳል፤ የካምሻፍቱ ጉብታም ትንሽ ያዘነብላል። ታፔቱ በቦታው የሚሽከረከረው በዚህ ነው፤ መሽከርከሩን ካቆመ አለቀለት። ዘይት የሚደርሰው ደግሞ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ሲዞር እየረጨለት ስለሆነ በሚኒሞ በቂ አያገኝም። አዲስ ካምሻፍት የገባበት ሞተር እንደተነሣ ወዲያው በ2,000 እና በ2,500 ዙር መካከል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሥራ፤ ሞላው ድርብ ከሆነ ለዚያ ጊዜ የውስጠኛው ይውጣ። ዘይቱ ዚንክና ፎስፈረስ የበዛበት ይሁን። የጭስ ማጣሪያውን እንዳያበላሽ ሲባል እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በተለመዱት የቤንዚን መኪና ዘይቶች ፎስፈረሱ ከ0.08 በመቶ እንዳያልፍ ተደርጓል፤ ይህ ለአሮጌ ታፔት ያንሳል። አዲስ ካምሻፍት ላይ ያገለገለ ታፔት ደግሞ በፍጹም አትጫኑ።

ገንዘብ ካላችሁ ሮለር ታፔት (ታቹ ላይ የምትንከባለል ትንሽ መንኮራኩር ያለችበት) ግዙ፤ ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደዚያ ዞሯል። ግን ክብደት ስላለው ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል፤ ጠንካራ ሞላ ደግሞ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ በግፊት ብቻ የተተከለውን የሮከር ብሎን ቀስ በቀስ ይነቅለዋል፤ ስለዚህ በጥርስ የሚገባ ብሎን ይተካለት። ለመንገድ መኪና ሮከሩ ከአሉሚኒየም ይልቅ ብረት ቢሆን እመርጣለሁ።

ለአሮጌ ብሎክ የሚሠራው ሮለር ታፔት ከጠፍጣፋው ይረዝማልና ፑሽሮዱ ማጠር አለበት። በግምት አትዘዙ። የቫልቩን ጫፍ ቀለም ቀቡና ሞተሩን በእጅ ደጋግማችሁ አዙሩ፤ ሮከሩ የጠረገው መስመር ጠባብ ሆኖ መሃል ላይ ካረፈ ልኩ እሱ ነው። ወደ ዳር ከሸሸ ርዝመቱ በሚስተካከል የመለኪያ ፑሽሮድ ደጋግሙት፤ 16ቱንም የምታዙት ከዚያ በኋላ ነው።