ስም የሌለው ሚና ለደረሳችሁ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ጎበዝ ልጅ ልምምድ ላይ አቀርቅሮ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ትዕይንት ብቻ ነው የደረሰኝ። ስም እንኳ የለውም፤ ‹ሽማግሌው› ነው የሚለው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሎን ቼኒ ከሐሳቤ አልወጣ አለ፤ በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን «ባለ ሺህ ፊት» የተባለው አሜሪካዊ ተዋናይ።

ቼኒ በ1883 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲወለድ አባቱም እናቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። እናቱ ታማ አልጋ ስትይዝ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ አስታመማት። ደጅ ውሎ ሲመለስ ማን እንዴት እንደተራመደ፣ ማን በምን እንደተቆጣ በእጁና በፊቱ ያሳያታል። የትወና ትምህርት ቤቱ ያች አልጋ ነበረች ብዬ አምናለሁ።

በ1910ዎቹ ሆሊውድ ውስጥ ትንንሽ ሚና የሚጫወት ሰው ሜካፑን የሚሠራው ራሱ ነው። ቼኒም የቀለም ሳጥኑን ይዞ ዛሬ ወንበዴ፣ ነገ ሽማግሌ እየሆነ ዓመታት ገፋ። ስሙ የገነነው በ1919፣ በ36 ዓመቱ ነው። በማግስቱ ዓመት እግር የሌለው ሰው ሆኖ ሲጫወት እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ አሰረና በጉልበቱ ሄደ። ይህን እንኳ አትከተሉት፤ ሰውነታችሁ ነገም ያስፈልጋችኋል። በ1923 የኖትርዳሙን ጎባጣ፣ የፓሪሱን ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ፣ ሲጫወት ግን ከዚያ ሁሉ ጉብታ ሥር ፍቅር የራበው ሰው ይታያል። እሱን እዩለት።

እኔም በወጣትነቴ የዘበኛ ሚና ደርሶኝ ነበር፤ በር ከፍቶ መዝጋት ብቻ። ከሰፈራችን ዘበኛ ጋር ሦስት ምሽት ቁጭ አልኩ። ሰው ሲያንኳኳ ቶሎ አይነሳም። ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ጋቢውን ያጣፋል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ያንኑ ይዤ መድረክ ወጣሁ። ትርኢቱ ሲያበቃ አንዲት እናት ቀርበው፣ «ልጄ፣ ጉልበትህን ጠበል ሞክረኸዋል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የሚና ትንሽነት አሳስቦኝ አያውቅም።

ቼኒ በድምፅ የተጫወተው አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ በ1930፣ ያውም አምስት ዓይነት ድምፅ እያወጣ። ሁሉም የራሱ ድምፅ መሆኑን ፈርሞ አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በካንሰር ሞተ፤ 47 ዓመቱ ነበር። በመጨረሻ ቀኖቹ መናገር ስላቃተው ከቤተሰቡ ጋር የተግባባው በእጁ ነው፤ በልጅነቱ ለእናቱ እንደሚያደርገው።

ያን ልጅ ለቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ። ጽሑፉን እንዲያጠና አልነገርኩትም። ሽማግሌው ከመቀመጫው ሲነሳ የትኛውን እጁን እንደሚያስቀድም አይቶ እንዲመጣ ነው ያልኩት።