መልስ፦ እስራኤል በሶሪያ የፈጸመቻቸውን የአየር ድብደባዎች ለምን አታምንም ነበር?

«እስራኤል በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት የሶሪያን የመሣሪያ መጋዘኖች እየመታች ለምን ዝም ትል ነበር?» ሲሉ ለጠየቁት፦ ዋናው ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ለያኔው የሶሪያ ፕሬዚዳንት ለበሽር አል አሳድ መውጫ ቀዳዳ መተው ነበር፤ መቺው ራሱ «እኔ ነኝ» ካላለ፣ በውስጥ ጦርነት የተወጠረ መንግሥት አጸፋ እንዲመልስ የሚደርስበት ጫና ይቀልለታል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 በሶሪያዋ የወደብ ከተማ በላታኪያ አቅራቢያ ሩሲያ ሠራሽ የያኾንት ፀረ መርከብ ሚሳይሎች ተከማችተውበታል የተባለ መጋዘን ሲመታ፣ ድርጊቱ የእስራኤል መሆኑን ለመገናኛ ብዙኃን የነገሩት ስማቸው ያልተጠቀሰ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ነበሩ። ዝምታው ግን (መቼም ያልጠረጠረ አልነበረም) ከጊዜ በኋላ ላላ፤ በኤፕሪል 2016 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ ለሊባኖሱ ታጣቂ ቡድን ለሂዝቦላህ የሚላኩ መሣሪያዎችን ለማስቆም እስራኤል በርካታ ጥቃቶችን መፈጸሟን በይፋ ተናገሩ።