«ሰባት ወልጄ አራት ያሳደግኩ ነኝ»

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ ትዕግሥቴ ግን አልቋል። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። የምንኖረው ኮምቦልቻ ተከራይተን ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ ፋብሪካ እሠራለሁ።

ያንገሸገሸኝ ምክር ነው። ገና ሆዴ መግፋት ሲጀምር ተያያዙት። አንዷ «ሙዝ አትብዪ፣ የልጁ ገላ ላይ ይለጠፋል» አለችኝ። ሌላዋ «ብዙ አትብዪ፣ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «ለሁለት ብዪ እንጂ!» ብላ አጎረሰችኝ። ስወልድ ይበርዳል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ባሰ። አሁን ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ የሚወራው የእኔ ልጅ ነው። «ምነው ከሳ?» «አንገቱ እስካሁን አልጠናም እንዴ?» «ወተትሽ ቀጥኗል መሰል፣ የላም ወተት ጀምሪለት።» ሁሉም በፍቅር ነው የሚሉት። መልስ የሚያሳጣኝም እሱ ነው።

ጎረቤትስ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አማቴ ግን እቤት ናቸው። ከወረባቦ ሊያርሱኝ መጡ። ገንፎውን አገንፍተው፣ አጥሚቱን አፍልተው፣ ወገቤን አሽተው ከአልጋ አስነሥተውኛል። አልክድም፣ አላህ ይስጣቸው። አርባው ቀን ካለፈ በኋላም ግን አልሄዱም።

ልጁ የተወለደ ዕለት «እንገሩ አይረባም፣ ታልቦ ይደፋ» ብለው ነበር። አዋላጇ ቀድማ ጡቴን አስይዛው ስለነበር ያኔ ተረፍኩ። ቤት እንደገባን ግን ቅቤ በጣታቸው አላሱት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ያልሱታል። ቀን ደግሞ ልብስ አስጥቼ ስመለስ ወይ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይ የአብሽ ውሃ በሻይ ማንኪያ ሲያጠጡት እደርስባቸዋለሁ። «ጉሮሮው ደርቆ እኮ ነው» ይሉኛል። ስቆጣ «እኔ ሰባት ወልጄ አራት ያሳደግኩ ነኝ፣ አንቺ ገና ትናንት የወለድሽ!» ይመጣል። ይህችን ንግግር ስሰማት ጆሮዬ ይጮኻል። ከእሷ ቀጥለው «በሰባ ሰባት ባቲ…» ብለው ስለሚጀምሩ እኔ ወጥ ላማስል ብዬ እነሣለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳትሰጪው ብላኛለች። ለአማቴ ስነግራቸው «ለመሆኑ እሷ ወልዳለች?» አሉኝ። አልወለደችም። ምን ልበል?

ሰሞኑን ደግሞ ማታ ማታ ሲያለቅስ «ግጉ ነው፣ የሚነቅል ሰው አውቃለሁ» ማለት ጀምረዋል። ባለቤቴ ሁለታችንንም ያዳምጥና «ሁለታችሁም ለልጁ ብላችሁ ነው» ብሎ ባጃጁን አስነሥቶ ይሄዳል።

ልቤ የደከመው ለዚህ ነው። ሥራ ልመለስ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ። ቢሆንም ልጄን በእሳቸው እጅ ጥዬ ከምወጣ ሥራው ቢቀርብኝስ? ወይስ ባሌን «እናትህን ወደ አገራቸው ሸኝ» ልበለው? ብለው ደግሞ ከእናቱ አጣላችው እንዳልባል እፈራለሁ።

ምክር ያንገሸገሻት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ሰባት ተወልደው አራት ካደጉ ሦስት ጎደሉ። ሦስቱ የት አሉ? ደብዳቤሽ ውስጥ ፈለግኋቸው። የሙዙን ምክር፣ የቡናውን ወሬ፣ ማንኪያው የሻይ መሆኑን ሳይቀር ጽፈሽልኛል፣ እነሱ ግን የሉበትም። አማትሽ ሊነግሩሽ አፋቸውን ሲከፍቱ አንቺ ወጥ ልታማስዪ ተነሥተሻል። አፉ በይኝ የኔ እህት፣ ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያስቆጣኝ ይኼ ነው።

አንቺ ያችን ንግግር የምትሰሚያት እንደ ጉራ ነው። ጉራ ቢሆን ሰባቱን ቆጥረው ዝም ባሉ ነበር፣ አራቱን ምን አስጠራቸው? በ1977 ባቲ ምን ማለት እንደነበር ለወሎ ልጅ መንገር የለብኝም ብዬ ነበር፣ ለካ አለብኝ። ዝናቡ ቀርቶ፣ አዝመራው ከሽፎ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ባቲና ወደ ቆረም ጎረፈ። መጠለያ የደረሰውም ሁሉ አልተረፈም። ሕፃናቱን ኩፍኙ፣ ተቅማጡና የሌሊቱ ብርድ ጨረሳቸው። ራሷ እህል አፏ ካልገባ የቆየች እናት ወተቷ ይነጥፋል። ባዶ ጡት ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ያቀፈች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ያን ለቅሶ ስትሰማ ትኖራለች። አንቺ «የእኔ ወተት ይበቃዋል» ስትያት በምን ልቧ ትመንሽ? እሷ የምታውቀው ጡት የሚከዳ መሆኑን ነው።

የአማትሽ ሦስት ልጆች እዚያ ይሙቱ፣ ሌላ ቦታ በሌላ በሽታ ይሙቱ፣ እኔ አላውቅም። አንቺ ግን ማወቅ ትችዪ ነበር። ወራት አብረሻቸው ከርመሽ የባልሽን የሦስት ወንድም እህቶች ስም አታውቂም ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም። ጎረቤት በሌለበት ቀን፣ አቦሉን ቀድተሽላቸው «የሦስቱ ስማቸው ማን ማን ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ወጡ ቢያር ይረር። አንቺ ሰምተሻቸው የማታውቂውን ሴት እንዲሰሙሽ መጠበቅ ደግሞ ግፍ ነው።

ቅቤው ግን ይቁም፣ ዛሬውኑ። እዚህ ላይ አማትሽን አልደግፋቸውም። ልጁን ትን ሲለው ቅባቱ ሳንባው ውስጥ ይገባና የሳንባ ምች ሊሆንበት ይችላል። የስኳሩና የአብሹ ውሃ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፣ በውሃ ከሞላች ልጁ ጡት ይቀንሳል። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። እንግዲህ እይው፦ አያት «ወተቱ አንሷል» ብለው ውሃ ይሰጣሉ፣ ልጁ ጡቱን ይተዋል፣ ወተቱ እውነትም ያንሳል፣ አያትም «አላልኩሽም?» ይላሉ። ስኳር ውሃው ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆምላቸዋል። ውሃው ወይም ማንኪያው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጡ ምርቃት ነው። የእናት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ በኮምቦልቻ ፀሐይም ቢሆን ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ጉሮሮው አይደርቅም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ወለደችም አልወለደችም ልክ ናት።

ይህን ለአማትሽ ስትነግሪያቸው በእሷ ስም አትጀምሪ። ቁርኣኑ እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ዓመት ሙሉ ያጥቡ እንደሚል ካንቺም ከእኔም ይበልጥ ያውቁታል። «እምዬ፣ አላህ ለዚህ ልጅ ያዘዘለት ሲሳይ ጡቴ ላይ ነው፣ እኔ እንድጠግብ እርስዎ ያግዙኝ፣ እሱን እኔ አጠግበዋለሁ» ብትያቸው እውነት ነው፣ ድርሻም ይሰጣቸዋል። ገንፎው ይቀጥል፣ አጥሚቱ ይቀጥል። ቅቤውን ከወደዱ ገላውን ይሹበት። ጠዋት ፀሐይ ያሙቁት፣ ይዘሉት፣ እሹሩሩ ይበሉት። በዚህ ሁሉ እሳቸውን የሚያስተምር አልተወለደም።

ግግ ላይ ግን ሽምግልና የለም። ድዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው ነገ የሚበቅል ጥርሱ ነው፣ የሚነቀል በሽታ የለበትም። ያን ድድ በስለት የሚከፍት ሰው ደም ያፈሳል፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል፣ ኤችአይቪም ከልጅ ወደ ልጅ ሊያሻግር ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም ከተነሣ መልሱ ያው ነው። የማታ ለቅሶው ወደ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታና ከሦስት አራት ወር ወዲያ ይበርዳል፣ ያንቺው ልጅ ቁልቁለቱን ጀምሯል። አብሽሪ። ትኩሳት ከያዘው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ቀስቅሰሽው አልነቃ ካለሽ ግን ለቅሶ ነው ብለሽ አትደሪ፣ በሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

አሁን ደብዳቤሽ ግርጌ ወደ ቀበርሻት ጥያቄ። ሥራሽን አትተዪ። «የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሻት ነገር የልጅሽ ጣሪያ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጥሻል። እሱ ሲያልቅ ቦታሽን ለሌላ አስረክበሽ የባጃጅ ገቢ ጠባቂ እንድትሆኚ እኔ አልመክርሽም፣ ሌላ የሚመክርሽ ካለ እሱን ጠይቂ።

አማትሽንም አትሸኚያቸው። ሸኝተሻቸው ማንን ልታመጪ ነው? ራሷ ልጅነቷን ያልጨረሰች፣ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ? እሷ ስኳር ውሃ ብታጠጣው አታውቂም። አማትሽን ግን እጅ ከፍንጅ ትይዣቸዋለሽ፣ ይዘሽም ትቆጫቸዋለሽ፣ ተቆጥተሻቸውም ልጅሽን አቅፈው ያድራሉ። ለዚህ ልጅ እንደ እሳቸው የሚፈራ ሰው አታገኚም። ፍርሃታቸውን ሥራ ስጪው።

ሥራው ይኸውልሽ። የቀሩሽ ሦስት ሳምንታት ለልምምድ ይበቃሉ። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ክዳን ባለው ዕቃ ጡትሽን አልቢ። መጀመሪያ ላይ ጠብ ጠብ ነው የሚለው፣ አትደንግጪ፣ እጅሽ ሲለምድ ይወርዳል። የታለበው ወተት ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከታለበ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ኮምቦልቻ በቀትር ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የት እንዳላት አንቺ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ፍሪጅ ያላት ጎረቤት ፈልጊ። ያች «ምነው ከሳ» ያለችሽ ፍሪጅ ካላት፣ ምክሯን በዚያ ታካክስ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቀመጣል። ሲፈለግ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው፣ እሳት ላይ አይጣድም። ጡጦ አትግዢ፣ ማጠቡ ያስቸግራል፣ ጡትም ያስጠላዋል። በተቀቀለ የቡና ስኒ፣ ልጁን ቀና አድርገው፣ ከንፈሩ ላይ አስጠግተው እሱ ራሱ እየላሰ ይጠጣ። ስኒ መያዝ ለወሎ አያት! ማንኪያዋን ከእጃቸው ከምትነጥቂ በዚህ ለውጪላቸው። አንቺም ሥራ ቦታ ሆነሽ ጡትሽ ሲሞላ አልቢ፣ ካልታለበ ወተቱ ይቀንሳል። ከመውጣትሽ በፊት፣ ስትመለሺና ሌሊት ከጡትሽ አይለይ።

ወተቱ ይበቃው እንደሆነ ደግሞ ሰፈር አይፈርድም። በቀንና ሌሊት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጨርቁን ካረጠበ ደኅና ነው። ዋናው ሚዛን ነው። የአሥራ አራተኛው ሳምንት ክትባት ቀኑ ደርሷል። አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፣ ልጁን ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጡት እሳቸው ይሁኑ፣ ካርዱ ላይ ያለውን መስመር ነርሷ ለእሳቸው ታሳያቸው። መስመሩ ወደ ላይ ከወጣ ክርክሩ አለቀ። ዝቅ ካለ ደግሞ አማትሽ አንድ ነገር አይተዋል ማለት ነውና አንቺም ኩራትሽን ትተሽ እዚያው ስለ አጠባብሽ ጠይቂ። አያያዙን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የቀረው ባልሽ ነው። «ሁለታችሁም ለልጁ ብላችሁ ነው» ብሎ ባጃጅ ማስነሣት ሽሽት ነው፣ እሱ ፍርድ ይመስለዋል። ቅቤው እንዲቀር መናገር ያለበት እሱ ነው። ከምራት አፍ ሲወጣ ድፍረት፣ ከልጅ አፍ ሲወጣ ልመና ይሆናልና። ግግ ነቃዩ ዘንድ ልጄ አይሄድም ማለትም የእሱ ነው። የክትባቱ ቀን ተሳፋሪ እንደሚያወርድ በር ላይ ጥሏችሁ እንዳይሄድ፣ ባጃጁን አቁሞ ይግባና ከእናቱ ጎን ሆኖ ሚዛኑን ያንብብ።