«ቢችስ ብሩ»ን ከየት ጀምረን እናዳምጠው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን የሙዚቃ ጥያቄዎች ስለ አንድ አልበም ናቸው፤ የትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ በኩል በማርች 1970 ስላወጣው «ቢችስ ብሩ»። ሁለት ሸክላ፣ ስድስት ሥራዎች፣ በጠቅላላው 94 ደቂቃ ገደማ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች አዘወትራለሁ። ይኸኛውም ጃዝ ነው ስለተባልኩ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋሁት። ለመሆኑ ዜማው የት ነው ያለው? ከየት ልጀምር? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የተቸገሩት ዜማ ፍለጋ ስለገቡ ነው። በሙላቱ ሥራዎች ዜማው በር ላይ ቆሞ ይቀበልዎታል። በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀረጸውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ያስታውሱ፤ ቅኝቱን ከመጀመሪያው ይለዩታል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዜማውን ያሰሙዎታል፣ ሶሎ (የአንድ ተጫዋች ተራ) ይመጣል፣ ከዚያ ያው ዜማ ተመልሶ ይሸኝዎታል። «ቢችስ ብሩ» እንዲህ አልተሠራም። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻውን የያዘው «ፋራኦስ ዳንስ» 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማይልስ ዋናውን ዜማ አጥርቶ የሚጫወተው ግን 16ኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። እርስዎ በ10ኛው ላይ ካጠፉት ዜማው ገና አልመጣም ነበር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው አይጀምሩ። አራተኛው ገጽ ላይ ያለውን «ማይልስ ራንስ ዘ ቩዱ ዳውን» ያስቀድሙ፤ 14 ደቂቃ ነው፣ ምቱ ዝግ ያለ ነው፣ ቤዙም ቶሎ ይያዛል። መጀመሪያ ሲሰሙት ትራምፔቱን ይተዉትና ቤዙን ብቻ ይከተሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያሉ በእግርዎ ይቁጠሩ፤ ሐረጉ በየት በኩል ዞሮ እንደሚመለስ ሲያውቁ በአፍዎ አብረው ያንጎራጉሩት። ያ የቤዝ ሐረግ እርስዎ የሚፈልጉትን ዜማ ቦታ የሚይዝልዎ ነው። ሁለተኛ ሲሰሙት ወደ ድራሙ ይሂዱ። በግራ ጆሮ ዶን አሊያስ፣ በቀኝ ጃክ ዲጆኔት አሉ። ትራምፔቱን ለሦስተኛው ዙር ይተዉት። እንዲህ ሲያደርጉ ማይልስ ለምን ጥቂት ድምፅ ብቻ ጣል አድርጎ ዝም እንደሚል ይገባዎታል፤ ከሥሩ ያለው ምት ራሱ እየተናገረ ስለሆነ ቦታ ይለቅለታል።

ቀጥሎ «ስፓኒሽ ኪ» (17 ደቂቃ ተኩል ገደማ) ይምጣ። በዚህኛው ልብ የሚሉት ቤዙ የተቀመጠበት ድምፅ የሚቀየርበትን ቅጽበት ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ረግጦ ይቆይና ሶሎ ተጫዋቹ ሐረግ ጣል አድርጎ ምልክት ሲሰጥ ባንዱ ሁሉ ተያይዞ ወደ ሌላ ቅኝት ይሻገራል። የዚህ ሥራ ዋና ክስተት ይህ ሽግግር ነውና አንዴ ከያዙት 17 ደቂቃው አይረዝምብዎትም። ከዚያ «ሳንክቹዋሪ»፣ ከዚያ የአልበሙን ስም የያዘው 27 ደቂቃ የሚደርስ ሥራ፣ በመጨረሻ «ፋራኦስ ዳንስ»። በጊታር ተጫዋቹ ስም የተሰየመው «ጆን ማክላፍሊን» አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ማይልስም አይጫወትበትም። ባሻዎት ጊዜ ይስሙት።

94ቱን ደቂቃ በአንድ ቁጭታ አይጨርሱ። ሥራው የወጣው በአራት የሸክላ ገጽ ነው፤ የዘመኑ አድማጭ ተነሥቶ ሸክላውን ሲገለብጥ ጆሮው ያርፍ ነበር። በቀን አንድ ገጽ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ በስልኬ ስፒከር ስከፍተው ጫጫታ ብቻ ነው የምሰማው። አልበሙ ነው ወይስ ስልኬ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ስልክዎ ነው፤ በእርግጠኝነት። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ይርገበገባል። የቤኒ ሞፒን ባስ ክላሪኔት ደግሞ እስከ 70 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል። የስልክ ትንሽ ስፒከር ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ከአልበሙ ላይ መሠረቱ ሲቀነስ የሚተርፈው የሲምባል (የድራሙ ብረት ሳህን)፣ የሻከር (እየተነቀነቀ የሚንሿሿ መሣሪያ) እና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይኛው ድምፅ ነው። ያ ደግሞ እውነትም ጫጫታ ነው።

ባለ ገመድ ተራ ኢርፎን እንኳ ችግሩን በአብዛኛው ይፈታዋል፤ ነገር ግን ሁለቱንም ጆሮ ያድርጉ። አንዱን ጆሮ ብቻ አድርጎ መስማት የተለመደ ነው፣ ለዚህ አልበም ግን ባንዱን ለሁለት መክፈል ማለት ነው። ሁለት ድራም ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ኤሌክትሪክ ፒያኖውን ጆ ዛዊኑል በግራ፣ ቺክ ኮሪያ በቀኝ ይዘውታል፤ ሦስተኛ ፒያኖ ባለባቸው ሥራዎች ላይ ደግሞ ላሪ ያንግ መሐል ይገባል። ስልክዎ ላይ «ሞኖ ኦዲዮ» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ ያጥፉት፤ ግራና ቀኙን ቀላቅሎ ሦስቱን ፒያኖ አንድ ላይ ይደፈጥጣቸዋል። ዘፈን ከዘፈን የሚያቀላቅለውንና ቅደም ተከተል የሚያዛባውንም ምርጫ ያጥፉ።

የዳታ ነገር ካሳሰበዎት ሒሳቡ ይኸው፦ 94 ደቂቃው በሰከንድ በ96 ኪሎቢት 68 ሜጋባይት፣ በ160 ኪሎቢት 113፣ በ320 ኪሎቢት 226 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ለዚህ አልበም 96 አንመክርም። ፋይሉ ሲጨመቅ ቀድሞ የሚጎዳው የሲምባልና የሻከር ድምፅ ነው፤ ሁለት ድራም፣ ኮንጋና ሻከር በአንድ ጊዜ በሚሰሙበት ቦታ እንደ ዝናብ ሹክሹክታ ተደበላልቆ ይመጣል። ዋይፋይ ባገኙበት በ160 ወይም ከዚያ በላይ አውርደው ያስቀምጡት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የአልበሙን ስም የያዘው ሥራ አጀማመሩ ዝግ ያለ ነው፤ ድምፁን በዚያ ለክተው ከፍ ካደረጉት ትራምፔቱ ሲገባ ጆሮ ይበሳል። ትራምፔቱ ሲጮህ ለክተው ያስተካክሉና ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ሲዲዬ ተጭሮ ይሆን? «ፋራኦስ ዳንስ» 8ኛው ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ላይ ሲደርስ አንዲት ቁራጭ ደጋግሞ ያሰማል። «ሳንክቹዋሪ»ም መሐል ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል። (አንባቢ፣ ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ሲዲዎ ደህና ነው። የሰሙት የአዘጋጁ የቴዎ ማሴሮ ምላጭ ነው።

ቀረጻው ከኦገስት 19 እስከ 21፣ 1969 ድረስ ለሦስት ቀናት በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ስቱዲዮ ተካሄደ። ማይልስ የተሟላ ኖታ ይዞ አልመጣም፤ አጫጭር ሐረጎችን ሰጥቶ ቴፑ እየዞረ በእጅና በቃል ይመራቸው ነበር። ከተጠራቀመው ቴፕ የአሁኑን ቅርጽ ያወጣው ማሴሮ ነው። የዚያን ጊዜ ቆረጣ በኮምፒዩተር አልነበረም፤ ቴፑን በእጅ ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሱ ድምፁ የሚነሳበትን ነጥብ ፈልጎ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ በምላጭ ሰያፍ መቁረጥ፣ ሌላውን ጫፍ አጋጥሞ በማጣበቂያ መለጠፍ ነበር። በስቱዲዮ በተለመደው ፍጥነት አንድ ሰከንድ ሙዚቃ 38 ሴንቲሜትር ቴፕ ነው። እርስዎ የሰሟት ቁራጭ አንዲት ሰከንድ ያህል ናት፤ ከክንድ የምታጥር የቴፕ ቁራጭ ማለት ነው፤ ተባዝታ ተደጋግማ ተቀጥላለች። «ፋራኦስ ዳንስ» በጥቅሉ አሥራ ዘጠኝ ያህል ቅጥያ አለበት። «ሳንክቹዋሪ» ደግሞ የአንዱ ሥራ ሁለት ቀረጻዎች 5ኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ተገጣጥመው ነው፤ እንደ አዲስ የጀመረ የመሰለዎት ለዚህ ነው።

ቅጥያውን ማደን ራሱ ጥሩ የማዳመጥ ልምምድ ነው። ሲምባሉ ሳይረግብ በድንገት ከተቆረጠ፣ ወይም አንድ ሐረግ ከዚህ በፊት በሰሙት መልኩ ሳይዛነፍ ከተመለሰ፣ እዚያ ጋ ምላጭ አለ። በ27 ደቂቃው ሥራ መግቢያ ላይ የሚያስተጋባው የትራምፔት ድምፅም የቴፕ ሥራ ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ከመቅጃው ጭንቅላት ወደ ማንበቢያው እስኪደርስ ይዘገያል፣ ያ ዘግይቶ የመጣው ከዋናው ጋር ይቀላቀላል። ወደ ሦስተኛው ደቂቃ ሲጠጉ ቤዙ ይገባል፤ በዚያ አካባቢ ጸጥ ብለው ካዳመጡ ማይልስ ጣቱን እያጮኸ ምት ሲሰጥ ይሰማዎታል።

ጥያቄ፦ የማይልስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የሚያመልክ ወንድሜ «ይህ ጃዝ አይደለም፣ ማይልስ ለገበያ የሸጠው ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ወድጄዋለሁ። ማን ነው ልክ? (አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ወንድምዎ ብቻውን አይደለም። ሃያሲው ስታንሊ ክራውች ማይልስ በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በተጫወተበት ዘመኑ ራሱን ለንግድ ሸጧል ብሎ በብርቱ ጽፏል። ክሱ ሦስት ነገር ስላዘለ ለየብቻ ማየት ይሻላል።

አንደኛው የምት ጉዳይ ነው። በ1959ኙ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ሲምባሉ ይወዛወዛል፣ ቤዙ ደረጃ በደረጃ ይራመዳል። በ«ቢችስ ብሩ» ቤዙ አንድ ሐረግ ላይ ይቆማል፣ ድራሙም ወደ ሮክ ያዘነብላል። ይህ የወንድምዎ ትዝብት ትክክል ነው፤ ለውጡ የታሰበበት ነው። ሁለተኛው የቆረጣው ነው፤ ጃዝ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠር ከሆነ ቆራርጦ መቀጠል ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ተጫዋቾቹ በዚያች ቅጽበት የፈጠሩት አለ፤ ምላጩ ያደረገው ሌላ ቅንብር መጨመር ነው። ሦስተኛው የገበያው ነው። አልበሙ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 35ኛ ደርሷል፣ ግራሚም አግኝቷል፤ ማይልስም በሮክ መድረኮች ላይ ተጫውቷል። ሆኖም ለገበያ ብቻ የሚሠራ ሰው አልበሙን በ20 ደቂቃና በ27 ደቂቃ ሥራዎች አይከፍተውም፤ ዜማውንም እስከ መጨረሻው አይደብቅም።

አንድ ነቀፌታ ግን እንቀበላለን። ሦስት ፒያኖ፣ ጊታርና ባስ ክላሪኔት በአንድ ላይ ሲገቡ መሐሉ የሚጨልምበት ቦታ አለ፤ በተለይ «ፋራኦስ ዳንስ» ላይ። ለወንድምዎ ከዚህ አልበም በፊት፣ በፌብሩዋሪ 1969 የተቀረጸውን «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» ያሰሙት። ኤሌክትሪኩም ቆረጣውም አለ፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ባንዶቹን፣ የዛዊኑልንና የሳክስፎን ተጫዋቹን የዌይን ሾርተርን «ዌዘር ሪፖርት»፣ የማክላፍሊንን «ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ»፣ የኮሪያን «ሪተርን ቱ ፎርኤቨር» ቢቀጥል፣ ከዚያ ስቱዲዮ የወጡት ሰዎች ምን እንደሠሩ ያያል።

ጥያቄ፦ ስሙ ስድብ ነው ይባላል። ልጆች ባሉበት ቤት ይከፈታል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ቃል በእንግሊዝኛ ለሴት የሚነገር ስድብ ነው፤ «የጠንቋዮች ጥንስስ» በሚለው አባባል ላይ የተሠራ የቃል ጨዋታም ነው። አልበሙ ውስጥ ግን ዘፈን የለም፣ የመሣሪያ ሙዚቃ ብቻ ነው። ይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሸክላ ልገዛ ነው። በኢንተርኔት ከምሰማው ጋር አንድ ነው? ምን ልመርምር? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አንድ ላይሆን ይችላል። በ1998 ለወጣው ባለ አራት ሲዲ ስብስብ ሥራው ከዋናው ባለ 8 ትራክ ቴፕ (ስምንት ድምፅ ለየብቻ ከያዘው) እንደገና ተቀናብሯል፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሲዲም ያንን ቅንብር ይዟል። የሚለይበት ቀላል ምልክት አለ፦ ያ ሲዲ በጃንዋሪ 1970 የተቀረጸውን «ፌዮ» ሰባተኛ አድርጎ ጨምሯል። አዲሱ ቅንብር መሣሪያዎቹን አጥርቶ ይለያል። የድሮው ሸክላ ይበልጥ የተጠጋጋና የሚሞቅ ድምፅ አለው። ለመማር አዲሱን፣ አብሮ ለመኖር የድሮውን እንመርጣለን።

ሸክላውን ከመግዛትዎ በፊት ከመብራት ሥር አጋድመው ይመልከቱት፤ በጥፍር የሚሰማ ጭረት ካለ ይተዉት። ሁለተኛውን ገጽ አደራ፤ 27 ደቂቃ በአንድ ገጽ ለማስገባት መስመሮቹ ስለሚጠባበቁ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚቀረጸው፣ ስለዚህ አቧራና ጭረት እዚያ ገጽ ላይ ጎልቶ ይሰማል። የሚፈትኑትም ከሸክላው መሐል አጠገብ ያሉትን የገጹን የመጨረሻ አምስት ደቂቃዎች ነው፤ ያረጀ መርፌ ያጫወተው ሸክላ ትራምፔቱ እዚያ ጋ ይሻክራል። ቤት ሲደርሱ የመርፌዎን ክብደት አምራቹ በጻፈው ልክ ያድርጉት፤ ብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይፈልጋሉ። ካነሰ መርፌው ከመስመሩ እየተነሳ ይንኮሻኮሻል፣ ያም ሸክላውን ይጎዳል።