የአባትሽ ማይክ አልሞተም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ ድሮ ሠርግ ላይ ይሠሩበት የነበረ፣ ባለ ብረት ወንፊት ማይክ አለሽ። ጫፉ ወፍራም ጃክ ነው። መርካቶ ወርደሽ ወደ ቀጭን ጃክ የሚቀይር መሰኪያ ገዛሽና ላፕቶፕሽ ላይ ሰካሽው። የሚሰማው "ሽሽሽ" ነው፤ ያንቺ ድምፅ ደግሞ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ልጣለውና የዩኤስቢ ማይክ ልግዛ ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትጣይው። እኔ አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተረትና ግጥም የምቀርጸው በአሮጌ ማይኮች ነው። "ሞቷል" ተብለው እጄ ከገቡት ብዙዎቹ ገመዳቸው ነበር የተበጠሰው፤ እነሱ ደህና ነበሩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። መቅረጫውን ክፈቺና የማይኩን ወንፊት በጥፍርሽ ጫር ጫር አድርጊው። ቀጥሎ የላፕቶፑን ስክሪን ጠርዝ እንደዚያው ጫሪ። መልሰሽ ስትሰሚው የቱ ጎላ? የስክሪኑ ከሆነ፣ ስትቀርጪ የነበረው ላፕቶፑ ራሱ ላይ ባለችው ትንሽ ማይክ ነው። የአሁኖቹ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ያላቸው አንድ ቀዳዳ ነው፤ ጆሮ ማዳመጫና ማይክ በአራት ክፍል ጃክ አብረው ይገቡበታል። አንቺ የሰካሽውን እንደ ማይክ ላያውቀው ይችላል። ያ "ከጉድጓድ" ያልሽው ነገር ይህንን ነው ያስጠረጠረኝ።

ማይኩን ቢያውቀውም ግን ጣጣው አያልቅም። ጃኩ ገጠመ ማለት ሁለቱ ዕቃዎች ተግባቡ ማለት አይደለም። የላፕቶፕ ቀዳዳ የተሠራው ለጆሮ ማዳመጫ ማይክ ነው፤ ለሱ ትንሽ ቮልት ይልክለታል፣ እሱም ጠንከር ያለ ሲግናል ይመልሳል። የአባትሽ ግን በገለጻሽ ዳይናሚክ ይመስለኛል። ውስጡ ስስ ሽፋን፣ ሽፋኑ ላይ የተጣበቀ የሽቦ ጥቅልና ማግኔት ነው ያለው። ስትናገሪ ሽፋኑ ይርገበገባል፣ ጥቅሉ ማግኔቱ መሀል ይመላለሳል፣ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የሚወጣው ቢበዛ ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ላፕቶፑ ያቺን ለማጉላት ሲታገል የራሱን ጫጫታም አብሮ ያጎላል። "ሽሽሽ" የሚለው በአብዛኛው እሱ ነው።

ስለዚህ ገንዘብሽን ማዋል ያለብሽ በዩኤስቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ አጉልቶ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ዕቃ ላይ ነው፤ ባለ ሦስት ፒን ክብ መሰኪያ፣ ማለትም ኤክስ ኤል አር ያለው። ስትገዢ ማይኩን ስንት ዴሲቤል እንደሚያጎላ ጠይቂ። ለዳይናሚክ ማይክና ለተራ ንግግር ከ50 እስከ 60 ያስፈልግሻል። ሹር ኤስ ኤም 58 የሚባለው፣ ዘፋኞቻችን እጅ ላይ የምታዪው ባለ ክብ ራስ ማይክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እየተሸጠ ነው። የጥንቱ ከዛሬ ሳውንድ ካርድ ጋር በቀጥታ ይሠራል። ዕድሜው ችግር ሆኖ አያውቅም።

ያንቺ ጫፉ ወፍራም ጃክ መሆኑ ነው ትንሽ የሚያጠራጥረኝ። ማይኩ ሥር ወይም ካርቶኑ ላይ በኦም (Ω የሚል ምልክት ያለው፣ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ፈልጊ። ከ150 እስከ 600 ከሆነ ጃኩን አስቆርጠሽ ኤክስ ኤል አር ማስበየድ ትችያለሽ። ከ10,000 በላይ ከሆነ ግን ማይኩ ለድሮ አምፕሊፋየር የተሠራ ነው። እሱን ሳውንድ ካርዱ ላይ የጊታር ሥዕል ወዳለበት ቀዳዳ ክተቺው፣ "ኢንስትሩመንት" የሚለውን ቁልፍም ተጫኚ። እንዲህ ዓይነቱ ገመዱ ከአምስት ስድስት ሜትር በላይ ሲረዝም ቀጫጭን ድምፆችን ያጣል፤ "ሰ" እና "ሸ" ይደፈንበታል። አጭር ገመድ ተጠቀሚ።

ሳውንድ ካርዱ ላይ 48 ቮልት የሚል ቁልፍ ታያለሽ። አትንኪው። ያ ለኮንደንሰር፣ ማለትም ለመሥራት ከውጭ ኤሌክትሪክ ለሚፈልገው ማይክ ነው። በትክክል የተበየደ ባለ ሦስት ፒን ዳይናሚክ አይጎዳበትም፤ ቮልቱ በሁለቱም ሽቦ እኩል ስለሚመጣ በጥቅሉ ውስጥ አያልፍም። ጃክ የነበረው ሲበየድ ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ፒን ከመሬቱ ሽቦ ጋር ይታሰራል፣ ያኔ እኩልነቱ ይፈርሳል። ሪቦን የሚባሉት ደግሞ ውስጣቸው ከወረቀት የሳሳ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ነው፤ 48 ቮልቱ በስህተት በተበየደ ገመድ ከመጣባቸው ያልቅላቸዋል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አንድ ጊዜ አያቴን ልቀርጽ ማይኬን ትንሽ ዲጂታል መቅረጫ ላይ ሰካሁ፤ ከሦስት ፒን ወደ ቀጭን ስቴሪዮ ጃክ በሚወስድ ገመድ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራች። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ጥሩ ነው፤ ብቻ ድምፁ ጭንቅላቴን ከግራና ቀኝ የሚይዘኝ ዓይነት ነበር። ለአጎቴ ላክሁለት። ደወለልኝ፦ "ምኑን ነው የላክህልኝ? ምንም የለበትም እኮ!" እኔም በስልኬ ስፒከር ከፈትኩት። ጭጭ።

ለካ ገመዱ የማይኩን ሁለት ሽቦዎች አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አድርጎ ነበር የላከው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው፤ ግን አንዱ ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ይላል። ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ሲደምራቸው ይጣፋሉ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ስቴሪዮውን ለሁለት ከፍዬ አንዱን ሰረዝኩና አያቴ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቀረጻ ከመላኬ በፊት በስልክ ስፒከር እሰማለሁ።

ሳውንድ ካርዱ ከመጣ በኋላም "ኡኡኡም" የሚል ወፍራም ድምፅ ከሰማሽ፣ ቻርጀሩን ንቀዪና በባትሪ ሞክሪ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ብዙ ቤት ደግሞ መሬት የሚባለው ሽቦ የለም፤ በቻርጀሩ በኩል ይገባል። እኔ ይህን ያወቅሁት መብራት ሲጠፋ ነው። ቀረጻው መሀል እልም አለ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ኡኡታውም ቀጥ አለ። የጎረቤት ቴሌቪዥንም አብሮ ዝም! ዕድሜ ለመብራት ኃይል ብዬ ቀረጻዬን ሳልጨርስ የታችኛው ሱቅ ጄኔሬተሩን አስነሳ።

ገመዱ ተበጥሶ እንደሆነ ለማወቅ መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ይለካልሽ። ዳይናሚክ በመልቲሜትሩ ሲነካ ከወንፊቱ ውስጥ ቀስ ያለች "ቅጭ" ትሰማለች፤ ማይኩ ለቅጽበት ስፒከር ሆነ ማለት ነው፣ በሕይወት አለ። ሪቦን ላይ ግን እንዳይሞክረው። ወንፊቱንም ፈትተሽ እዪው። የድሮ ስፖንጅ ሲነኩት እንደ በሶ ይፈረፈራል። እሱን አራግፈሽ አዲስ ቁረጪለት፤ ወንፊቱን በሳሙና እጠቢውና በደንብ ሳይደርቅ አትግጠሚው።

ዩኤስቢ ማይኩስ ካልሽኝ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ካለሽ አልቃወምም። የኔ መስኮት ሥር ግን ረዳቱ "ፒያሳ፣ ፒያሳ" ሲል ይውላል። ብዙዎቹ የዩኤስቢ ማይኮች ኮንደንሰር ናቸው፣ እሱንም አጥርተው ይሰሙታል። አሮጌው ዳይናሚክ አራት ጣት ያህል ተጠግተሽ ስትናገሪበት ካንቺ ሌላ ብዙም አይሰማም።

ማይኩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ጃኩን አቅርበሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልን። ጃኩ ላይ ስንት ጥቁር ቀለበት እንዳለ ይታይ፤ አንድ ከሆነና ሁለት ከሆነ ብየዳው ይለያያል።