ድመቴ ወፈረች ወይስ አረገዘች?

«ድመት ያላችሁ የሀዋሳ ልጆች፣ ጠይቁኝ» ባልኩ በሁለት ቀን ውስጥ ጥያቄው ጎረፈ። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፤ የለመድኩት የላምና የበግ ጥያቄ ነው። ዘንድሮ ግን ሁሉም ስለ ወፍራም ድመት ነው የሚጠይቀኝ።

ከአሞራ ገደል የዓሳ ገበያ በየቀኑ የዓሳ ራስና ትርፍራፊ አመጣላታለሁ። አሁን ትራስ መስላለች። ዓሳ ያወፍራል እንዴ? (ከሀይቅ ዳር)

ዓሳውን ብቻ አትክሰሰው። መልሼ ስጠይቅህ፣ ጠዋት ዓሳ፣ ምሳ ላይ ከልጆች እጅ እንጀራ በወጥ፣ ማታ ደግሞ ከእናትህ ወተት አልከኝ። ሦስት ሰው እየመገባት እንዴት አትወፍር! ቤት ውስጥ የምትውል 4 ኪሎ ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ይበቃታል። በደረቅ የድመት ምግብ ሲሰላ 60 ግራም አካባቢ ነው፤ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይዘልም።

ዓሳውን ቀቅለህ፣ አጥንቱን ለቅመህ ስጣት። ወጡ ግን ጨርሶ ይቅር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ወተቱም ለብዙ ትልልቅ ድመቶች ተቅማጥ ነው የሚያተርፈው።

መወፈሩን በምን ልወቅ? ሚዛን የለኝም። (ከታቦር)

በእጅህ። ጎኑን ስትዳብሰው ጎድኑ ሳትጫን መቆጠር አለበት። ከላይ ስታየው ወገቡ ትንሽ ገባ ይበል። ሆዱ ስር የሚወዛወዘው ቆዳ አያስደንግጥህ፤ ቀጭን ድመትም አለው። የሰው ሚዛን ካገኘህ አቅፈኸው ውጣ፣ ከዚያ ብቻህን ውጣና ቀንስ።

ካኮላሸሁት ወዲህ ነው የወፈረው። ዶክተር፣ አበላሹብኝ?

ዶክተር አይደለሁም ብያለሁ! አላበላሹትም። ከተኮላሸ በኋላ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ይቀንሳል፣ አምሮቱ ደግሞ ይጨምራል። ምግቡን በሩብ ያህል ቀንሺለት፣ አለቀ።

6 ኪሎ ደርሷል። ለሦስት አራት ቀን ምግብ ብከለክለው ቶሎ አይቀንስም? (ከአዲስ ከተማ)

በፍጹም! ከሁሉም ጥያቄ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት እህል ካልቀመሰ፣ የሰውነቱ ስብ ወደ ጉበቱ ይጎርፋል፤ ጉበቱ አይችለውም። ዓይኑና ድዱ ቢጫ ይሆናል፣ ሊሞትም ይችላል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ድመቴ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ሦስት ቀን ከርሞ አይቼዋለሁ። ከወጣ በኋላም አፉን ከፍተን በመርፌ ቱቦ ፈሳሽ ምግብ እየሰጠን ነው ያተረፍነው። ቁልፉን የቆለፍኩት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ በዝግታ። በሳምንት ከክብደቱ 1 በመቶ ያህል ይበቃል፤ ላንተ ድመት 60 ግራም ማለት ነው። አንድ ኪሎ ለመቀነስ አራት ወር ይፈጃል። ረጅም ነው፤ ግን ውፍረቱም ባንድ ቀን አልመጣም። የምትቀንሰውን ድመት ሐኪም አስቀድሞ ቢያየው ደግሞ ጥሩ ነው።

ሆዷ ብቻ ነው ያበጠው። አርግዛ ይሆን?

ስብ ሆድ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ጎድኑንም ጀርባውንም ይሸፍናል። ካረገዘች በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጡቶቿ ሮዝ ይሆናሉ፣ በዘጠኝ ሳምንት ገደማ ትወልዳለች። ሆዷ ተነፍቶ ጎድኗ ከወጣ ግን ውፍረትም እርግዝናም ላይሆን ይችላል። የሆድ ትል ወይም ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

እናቴ «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» ይላሉ።

እናትን መቃወም ከባድ ነው። ግን ድመት የምታድነው በረሃብ ብቻ አይደለም፤ ጠግባም ታድናለች። የማትችለው በጣም የወፈረችው ናት፤ አይጧ እስክትገባ ገና መነሳቷ ነው። በቀን ሁለቴ አሥር አሥር ደቂቃ በክር አሯሯጧት።

ጎረቤታችን እትዬ ድመቱን ይወዱታል። ደብቀው ያበሉታል። እንዴት ልከልክላቸው? (ከመናኸሪያ)

አትከልክያቸው፤ ይቀየማሉ፣ ድመቱም መሄዱን አይተውም። ጠዋት የቀኑን ምግብ ስትለኪ ሩቡን በትንሽ ጣሳ አድርጊና ውሰጂላቸው። «እትዬ፣ ከእጅዎ ካልሆነ አይበላም» በያቸው።