መልስ፦ ሥራ አጥነቱ ዝቅ ያለው አካባቢ ለምን ድሃ ሆነ?
«ሥራ አጥነቱ ዝቅ ያለው ገጠር፣ ሥራ አጥ ከበዛበት ከተማ እንዴት ይደኸያል?» ላልከው፣ ስሌትህ አልተሳሳተም። ዋናው ነገር ሥራ አጥ የሚባለው ማን ነው የሚለው ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ፣ ጥናቱ በሚጠይቀው ሳምንት ውስጥ 1 ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ አለው ተብሎ ይቆጠራል። ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ያቆመውም ሥራ አጥ አይባልም። ድሃ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ የተሻለ ሥራ የመጠበቅ አቅም የለውም፣ ያገኘውን ይይዛል። ከተማ ውስጥ ግን ቤተሰቡ እየደገፈው ወራት የሚጠብቅ ብዙ ነው።

ስለዚህ፦
1. ሥራ ላይ ያሉትን ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ጋር አነጻጽር።
2. አማካዩን ትተህ ደመወዞች ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን ውሰድ፣ ጥቂት ከፍተኛ ተከፋዮች አማካዩን ይሰቅሉታል።
3. በአካባቢው ዋጋ አስተካክለው፣ በተለይ በቤት ኪራይ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ የከተማ ወሰን ይለወጣል። እኔ አንዴ በተለያዩ ዓመታት የተሠሩ ሁለት ጥናቶችን አነጻጽሬ «የገጠሩ ኑሮ ወደኋላ ሄደ» ብዬ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ለካ በሁለቱ ጥናቶች መሃል ሻል ያሉት ዳር ዳር ያሉ ሰፈሮች ወደ ከተማ ተጠቃለው ኖሯል። ሁለቱንም ዓመት በአንድ ወሰን አስላ።